በሬሳ ወዴት ይፈሳል?

ደብረ ብርሃን ደርሼ ከተመለስኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። እዚህ ድሬዳዋ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «ብርዱ እንዴት ነው?» ይለኛል፤ ሌላ የሚጠይቀኝ የለም። ብርዱ ያው ብርድ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ስለሆነ፣ አንዴ ቁጭ ብዬ ከመነሻው እስከ መድረሻው ልጻፈውና ከእንግዲህ ለጠየቀኝ ሰው ወረቀቱን እሰጠዋለሁ። ከከዚራ ሰፈር ጥላ ተነስታችሁ ወደዚያ ደጋ የመውጣት ሐሳብ ለሌላችሁ ነው የምጽፈው። ስናደድ ለስለስ አድርጌ መናገር እንደማልችል ደግሞ ታውቃላችሁ።

ኬሚስትሪ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ ጊዜዬን የማጠፋው ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የጥያቄና መልስ ውድድር በማዘጋጀት ነው። ሰይፉ የሚባል የሒሳብ መምህር ወጣት ሳለ ድሬ ከእኔ ጋር አራት ዓመት አስተምሯል። ዘመድ ስላልነበረው ምሳውን የሚበላው እኔ ቤት ነበር። አሁን አገሩ ሰሜን ሸዋ ተመልሶ ደብረ ብርሃን ያስተምራል። በጥር ወር የስድስት ትምህርት ቤቶችን ውድድር የሚያስተባብረው እሱ ስለሆነ፣ ጥያቄ አውጥተው በዋና ዳኝነት ይምሩልን ብሎ ደወለልኝ። አሸናፊው ቡድን ወደ ክልሉ ውድድር ይሄዳል። ድሬ እያለ «ፋጡማ፣ አንቺ» የሚለኝ ልጅ አገሩ ገብቶ «እትዬ» እና «እርስዎ» ማለቱ ትንሽ ገረመኝ። እኛ ጋ እርስዎ ከተባልክ ወይ ታመሃል ወይ ተጣልተሃል ማለት ነው። እሺ አልኩት።

ረቡዕ

ከድሬ ጎሕ ሳይቀድ ተነሳን። ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ሹራብ፣ ለሰይፉ ልጆች የያዝኩት ሐልዋ፣ በሰም ያሸግኳቸው ስምንት ፖስታዎች ነበሩ። እያንዳንዱ ፖስታ የአንድ ዙር ጥያቄ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ለፍቼባቸዋለሁ፤ ከመጽሐፍ ያላመሳከርኩት አንድም መልስ አልነበረም።

መንገድ ላይ ስንት ጊዜ ወርደን እንደተፈተሽን መቁጠር ትቼዋለሁ። አንዱ ፈታሽ ፖስታዎቹን አይቶ ምንድን ናቸው አለኝ። የተማሪ ጥያቄ ነው አልኩት። ለምን ታሸገ? ተማሪ እንዳያየው። እኔ ተማሪ አይደለሁም አለኝ። ተሳፋሪው በእኔ ላይ እያጉረመረመ ስንከራከር ቆይተን፣ በመጨረሻ አንዱን ፖስታ ወደ ፀሐይ አንስቶ አጮለቀበትና ምንም ስላልታየው መለሰልኝ። ወረቀቱን ወፍራም አድርጌ የገዛሁት ለዚህ ነበርና ኮራሁ። አዋሽን ስንሻገር ሙቀቱ ገና የእኛ ሙቀት ነበር። አዲስ አበባ ምሽት ላይ ደርሰን እህቴ ቤት አደርኩ።

ሐሙስ

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በቅጥቅጥ አውቶቡስ ነው የሄድኩት። ቦታ ስላልነበረ ረዳቱ ቦርሳዬን ከሾፌሩ ጎን ካለው የሞተር ሽፋን ላይ አስቀመጠው። ሸኖ ስንደርስ ተሳፋሪው ግር ብሎ ወርዶ ቅቤ ገዛ። የሸኖ ቅቤ ስሙ እኛም ጋ ይታወቃል፤ እኔም ብሆን ለእህቴ ልግዛ ብዬ አስቤ ነበር። አንዲት ሴትዮ የገዛችውን ቅቤ በፌስታል ቋጥራ የት ታስቀምጠው? ቦርሳዬ ላይ። ከሥር የጋለ ሞተር፣ ከላይ ቅቤ። ሽታው ሲያውደኝ ከሴትዮዋ መስሎኝ ዝም አልኩ። ደብረ ብርሃን ወርጄ ቦርሳዬን ስከፍት ቀሚሴም ሐልዋውም ፖስታዎቹም በቅቤ ርሰዋል። ያ ወፍራም ወረቀት ቅቤ ጠጥቶ እንደ መስታወት ሆኗል። ፖስታው ሳይከፈት ጥያቄው ከነመልሱ ይነበባል።

ሴትዮዋ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ ልብሱን አጥባ ልታመጣልኝ የማርፍበትን ሰፈር ጠየቀች። እኔ ግን የምሰማበት ጆሮ አልነበረኝም። ረዳቱን ሰደብኩ፣ ሾፌሩን ሰደብኩ፣ ሊቀበለኝ የመጣውን ሰይፉንም ሰላም ሳልለው አምቧረቅሁበት።

ቤቱ ስንደርስ ሚስቱ ወርቅነሽ ያደረገችውን ሳላነሳ ባልፍ ነውር ነው። ሙስሊም መሆኔን አስባ አዲስ ድስት ገዝታለች። ዶሮዋን ለማሳረድ ሁለት ሰፈር ተሻግራ ሙስሊም ጎረቤት ዘንድ ሄዳለች። ብርዱን እንዳልችለው ገምታ አልጋዬ ላይ አራት ብርድ ልብስ ደራርባለች። ድሬ እኮ ለእንግዳ የምንሰጠው አንሶላ ነው፣ እሱንም ይረግጠዋል። እዚህ ቤቱ ውስጥ ሆኜ ትንፋሼ ይታየኛል። ወርቅነሽ እግሬን በሞቀ ውሃ ካላጠብኩ ብላ ታገለችኝና አሸነፈችኝ።

ከምሳ በኋላ ሰይፉ በቅቤው ወረቀት ላይ ያሉትን ጥያቄዎች ገልብጠን እንጠቀምባቸው አለኝ። አይሆንም አልኩ። ቦርሳው መናኸሪያ ላይ ሲከፈት ስንት ሰው አይቶታል? የተነበበ ጥያቄ ለእኔ የሞተ ጥያቄ ነው። ቁጭ ብዬ ሁሉንም እንደገና ላወጣ ተነሳሁ። እንግዲያውስ ሁለት ሆነን እንሥራው፣ እኔም መልሶቹን ልይልዎት አለኝ። እሱንም እምቢ አልኩ። ጥያቄ ያወጣ ሰው ለማንም አያሳይም፤ በሥራዬ ዘመን ሁሉ እንዲህ ነው የሠራሁት። መጽሐፎቼ ድሬ ናቸው። መብራቱ ሄዶ ስልኬ ኔትወርክ አልነበረውም። ጣቶቼ ደንዝዘው እስክሪብቶ አልይዝ ይሉኛል። ከጭንቅላቴ እየቀዳሁ ፀሐይ እስክትጠልቅ ጻፍኩ።

የመጨረሻውን ጥያቄ ለባለአገሮቹ አክብሮት ብዬ ስለ አገራቸው አደረግሁት። «በደብረ ብርሃን አጠገብ የሚያልፈው የበሬሳ ወንዝ በመጨረሻ የሚገባው የትኛው ትልቅ ወንዝ ውስጥ ነው?» መልሱን «አዋሽ» ብዬ ጻፍኩ። ለምን አዋሽ እንዳልኩ ስትጠይቁኝ፣ በዋዜማው ተሻግሬው ስለመጣሁና ለምሥራቅ ሰው ከሸዋ የሚወርድ ውሃ ሁሉ አዋሽ ስለሚመስለው ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ዓርብ

ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ወርዶ ነጭ ሆኗል። ከሰላ ድንጋይ፣ ከአንኮበርና ከእነዋሪ የመጡት ልጆች ጎሕ ሲቀድ ተነስተው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የቆርቆሮው አዳራሽ ውስጥ ተደርድረዋል። ውድድሩ ሦስት ሰዓት ላይ ይጀመራል ተብሎ ነበር። መክፈቻውን የሚናገሩት የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አምስት ሰዓት ላይ መጡ። ልጆቹ ሲሚንቶው ላይ ሆነው ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ እጃቸውን እያሟሟቁ ጠብቀዋቸዋል። ለእሳቸው ደግሞ ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሶፋ ተሸክመው አመጡላቸው። ስለ ትውልድ ተናገሩ፣ ስለ እውቀት ተናገሩ፣ ስለ ሰዓት አክባሪነት ሳይቀር ተናገሩ። ከሰላ ድንጋይ ከመጡት አንዷ ጓደኛዋ ትከሻ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ ልነሳ ስል ሰይፉ ቀስ ብሎ ክንዴን ያዘኝ።

«ድሬ ቢሆን አስቁሜ እጀምር ነበር» አልኩት።

«እዚህ ድሬ አይደለም እትዬ» አለኝ።

የኤሌክትሪክ ደወሉ በመብራት እጦት ስላልሠራ ለየቡድኑ ብርጭቆና ማንኪያ ሰጠናቸው፤ ቀድሞ ያንኳኳ ይመልሳል። መልሱ ከተሳተ ጥያቄው ወደ ሌላው ቡድን ያልፋል። ሕጎቹን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሰባተኛው «የዋናው ዳኛ ውሳኔ የመጨረሻ ነው» ይላል።

ብርቱካንን ያየኋት በዚህ ቀን ነው። ለደብረ ብርሃን ከሚወዳደሩት አራት ልጆች አንዷ ናት። የአባቷ ሳይሆን አይቀርም፣ ጉልበቷ የሚደርስ ኮት ለብሳ ትቀመጣለች። ብርጭቆውን እንደ ሌሎቹ አትደበድበውም፤ አንዴ ነካ ታደርገዋለች፣ ሁልጊዜም ቀድማ ነው። ስትናገር ጥቂት የኦሮምኛ ቃል ጣል ታደርጋለች። ቤተሰቦቿ ወለጋ ገበሬ እንደነበሩና ተፈናቅለው እዚህ ከተማው ዳር ባለው መጠለያ እንደሚኖሩ ሰይፉ ነገረኝ። መጀመሪያ ቡድኑ ውስጥ ስትገባ አንዳንድ ወላጆች የከተማው ልጅ ጠፍቶ ነው ወይ ብለው ነበር አሉ። ማታ ራት ላይ ወርቅነሽን ስለዚች ልጅ ስጠይቃት፣ ካሸነፈች የክልሉን ከተማ ልታይ ነው ብለው ጓደኞቿ እንደሚያሾፉባት፣ እሷ ግን ሌት ተቀን እንደምታነብ አጫወተችኝ።

ቅዳሜ

ለፍጻሜ የደረሱት የደብረ ብርሃንና የእነዋሪ ቡድኖች ናቸው። አዳራሹ ሞልቶ በመስኮት የሚያይ ነበር። ሃያ ዘጠኝ ጥያቄ ተጠይቆ እኩል ለእኩል ሆኑ። የቀረችው ያቺ የአክብሮት ጥያቄዬ ናት።

ጮክ ብዬ አነበብኩ። ብርቱካን ነካ አደረገችው።

«ዓባይ።»

«ተሳስተሻል» አልኩ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ያን ጸጥታ ሐዘን አድርጌ ነው የተረዳሁት፤ የገዛ ቡድናቸው ሲሸነፍ ማን ደስ ይለዋል ብዬ። ጥያቄው ለእነዋሪ አለፈ። የእነዋሪው አለቃ አንድ ቀጭን ልጅ ነው፤ እኔን አየኝ፣ መምህሩን አየ፣ ቆይቶ «አዋሽ» አለ። ትክክል ብዬ አሸናፊነታቸውን አወጅኩ። ማንም ወዲያው አላጨበጨበም።

ብርቱካን ከወንበሯ ተነስታ «ቲቸር፣ ውሃው ወደ ጀማ ነው የሚወርደው፣ ከዚያ ዓባይ» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። እኔም፣ አሁን ስጽፈው ፊቴ ይግላል፣ በማይክራፎን እንዲህ አልኳት፦

«አይዞሽ። ከሩቅ ስለመጣሽ ነው፣ አገሩን ገና አላወቅሽውም።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ከሁለት ቀን በፊት ከድሬዳዋ የገባሁት። ቁጭ አለች። ጎኗ ያለው የቡድኗ ልጅ ብርጭቆውን ከፊቷ ወሰደ። ከኋላዬ አንድ መምህር ለጎረቤቱ፣ የአገሩን ጥያቄ ለአገሩ ልጆች ብትተወው ምን ነበረበት ሲል ሰማሁት፤ እሱም ልጅቷን የሚወቅስ መሰለኝ እንጂ ሌላ አልጠረጠርኩም። ዋንጫ ተሰጠ፣ ፎቶ ተነሳን። ኃላፊው እጄን ጨብጠው ውድድሩ እንከን አልነበረውም አሉኝ።

እሑድ

እንዳርፍ ብለው ወደ አንኮበር ወሰዱኝ። የሰይፉ አባት ቄስ ወልደ ማርያም እዚያ ያገለግላሉ። መንገዱ ወደ ላይ ወደ ላይ ይሄድና ድንገት መሬቱ ያልቅና ከሥር ቆላው ይታያል። ቆላውን ሳይ አገሬን ያየሁ ያህል ደስ አለኝ፤ ሙቀቱ እዚያ ማዶ አለ። ስለ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታና ስለ ደኑ ሌላ ሰው ይጻፍላችሁ፣ እኔ ልብ አላልኩትም።

ቄሱ ከቅዳሴ ወጥተው ደጅ ላይ ተቀበሉኝ። መስቀላቸውን ለሰው ሁሉ ሲያሳልሙ ቆይተው እኔ ጋ ሲደርሱ ወደ ኪሳቸው መለሱትና በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። ሽሮ በአዲስ ሸክላ፣ ማር፣ አይብ፣ የገብስ ዳቦ ቀረበ። ሥጋ አልቀረበም፣ እንዳልጨነቅ ብለው ሌሎቹም አልበሉም። ከምግብ በኋላ አባታችን ገደሉ አፋፍ ድረስ ይዘውኝ ሄዱና በከዘራቸው ማሳየት ጀመሩ።

«ይኸ ከፊትሽ የሚወርደው ውሃ፣ ልጄ፣ አዋሽ ነው የሚገባው። ቆላውን አጠጥቶ ወዳንቺ አገር አቅጣጫ ሄዶ እዚያው አፋር ይቀራል። ይኸ ከኋላችን ያለው ግን፣ በሬሳም ጫጫም፣ በጀማ አድርጎ ዓባይ ይገባል። ዝናቡ ይችን ሸንተረር ሲመታ ነው የሚለያይ።»

«በሬሳ?» አልኩ።

«በሬሳማ ዓባይ ነው እንጂ። ይኸን የማያውቅ ሕፃን የለም።»

ዞሬ ሰይፉን አየሁት። ጫማውን ያያል።

«ሰይፉ፣ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር እትዬ።»

«አዳራሹ ውስጥ የነበሩትስ?»

«የደብረ ብርሃን ሰው በሬሳ የት እንደሚሄድ አያጣውም።»

«ታዲያ አፍህ የት ሄዶ ነበር?»

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተሳስተዋል ልበልዎት? ከድሬዳዋ ድረስ ለእኛ ብለው ተንገላተው መጥተው? ይሉኝታ ያዘኝ። ሁላችንንም ይሉኝታ ነው የያዘን።»

«ለልጅቷ ይሉኝታ የያዘው አንድ ሰው ጠፋ?»

ቄሱ ነገሩን ጠይቀው ሲረዱ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩትና ወደ ቤት ገቡ። እኔ ወላሂ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ድሬ ቢሆን ገና መልሱን ሳልጨርስ አሥር ሰው ከኋላ «ኧረ ሴትዮ ምን ትላለች!» ብሎ ይጮህብኝ ነበር። እደነግጥ ነበር፣ እናደድ ነበር፣ ግን አርሜው ቤቴ እገባ ነበር። እነዚህ አዲስ ድስት ገዝተው፣ እግሬን አጥበው፣ ጸጉሬ እንዳይነካ ብለው እውነቱን ዋጡት። ዋጋውን የከፈለችው ደግሞ ከዚያ አዳራሽ ሰው ሁሉ አቅም ያነሳት ናት። እኔን ለማክበር ሲሉ እሷን አዋረዷት አልኩት ለሰይፉ፣ መኪናው ውስጥ እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ፣ በየአሥር ደቂቃው። ጥያቄውን ያላሳየሁት፣ አላሳይም ብዬ የተገተርኩት እኔ መሆኔ ትዝ ባለኝ ቁጥር ደግሞ ይብስብኝ ነበር።

መንገድ ላይ ለእነዋሪው ቡድን መምህር አስደወልኩ። ሰውዬው አልዋሸኝም። አለቃው ልጅ ዓባይ መሆኑን ያውቅ ነበር አለኝ። አውቶቡስ ውስጥ ሲጠይቁት፣ ሴትዮዋ ዓባይ ስሕተት ነው ካሉ የቀረው አዋሽ ብቻ ነው፤ የሚፈልጉትን ሰጠኋቸው ብሎ መለሰ። ብልህ ልጅ ነው። እኛ መምህሮች ያሳደግነው ብልህነት ነው።

ሰኞ

ወደ ድሬ መመለሻዬ ይህ ቀን ነበር፤ ቀረሁ። ጠዋት ትምህርት ቤት ስንሄድ ብርቱካን አልመጣችም። የቡድኗ ልጆች ቅዳሜ ከአዳራሹ ሲወጡ በአንቺ ምክንያት ነው የቀረነው እንዳሏት አንዷ ነገረችን።

መጀመሪያ ኃላፊው ቢሮ ሄድኩ። ስሕተቱ የእኔ ነው፣ ትክክለኛ አሸናፊው ደብረ ብርሃን ነው፣ ቢቀር ቢቀር አንድ ጥያቄ ይደገም አልኩ። የአሸናፊዎቹ ስም ቅዳሜ ከሰዓት ለክልሉ ተልኳል አሉኝ። አዳራሹ ሁለት ሰዓት አርፍደው የመጡት ሰው ደብዳቤ ለመላክ ሁለት ሰዓት አልፈጀባቸውም። ደብዳቤ ይታረማል አልኩ። ፈገግ ብለው ከጠረጴዛቸው መሳቢያ የሕጉን ወረቀት አወጡና ሰባተኛውን በጣታቸው አሳዩኝ፤ የእኔው እጅ ጽሑፍ ነው። እርስዎም አይጨነቁ፣ ሰው ሁሉ ወዶዎታል ብለው በር ድረስ ሸኙኝ።

ከዚያ ከሰይፉ ጋር ወደ መጠለያው። ሸራ በሸራ ላይ የተደረደረ፣ ንፋሱ የሚያራግበው ሰፈር ነው። ያን አራት ብርድ ልብስ አስታወስኩት። የብርቱካን አባት ያላቸውን አንድ በርጩማ ለእኔ ሰጥተው ራሳቸው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ የመጣሁበትን ሳይጠይቁ ቆሎ አቀረቡ። ወለጋ እያሉ ለእንግዳ የሚያቀርቡት እንዲህ እንዳልነበረ፣ በቆሎና ማር ሞልቶ እንደነበር እያነሱ አፈሩብኝ። ቆሎውን በእጄ እንደያዝኩ ቀረሁ።

ብርቱካን ከሸራው ጥግ ተነስታ መጣች። አንድ ሳላስቀር ነገርኳት፦ እኔ ተሳስቻለሁ፣ አንቺ ልክ ነበርሽ፣ ሰዉ ሁሉ ያውቅ ነበር።

«ልክ እንደነበርኩማ አውቃለሁ» አለችኝ። «መጀመሪያ የመጣን ጊዜ በሬሳ ዳር ልብስ ስናጥብ፣ ይኸ ውሃ የት ነው የሚሄደው ብዬ ሴቶቹን ጠየቅኳቸው። ጀማ፣ ከዚያ ዓባይ አሉኝ። የእኛም ዲዴሳ ዓባይ ነው የሚገባው። ለእናቴ ስነግራት ደስ አላት። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ እሱ ጋ ነው የምታጥበው።»

እናቷ በዚያ ሰዓት አልነበረችም። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። አንገቷን ቀና አድርጋ አየችኝ።

«መሸነፉስ ይሁን። ግን እዚያ ሰው ሁሉ ፊት፣ ከሩቅ ስለመጣሽ ነው አሉኝ። እሱን እዚያው ያንሱልኝ።»

አባቷ ተይ አንቺ ልጅ፣ ትልቅ ሰው ናቸው ብለው ተቆጧት። ይተዋት አልኳቸው። በዚያ ሁሉ ቀን ጥፋቴን በፊቴ የነገረኝ ሰው እሷ ብቻ ነበረች።

ማክሰኞ

ርዕሰ መምህሩ ይቅርታውን ቢሮ ውስጥ፣ አምስት ስድስት ሰው ባለበት እንዳደርገው ለመኑኝ። ለእኔ ክብር አስበው ነው፤ ደግመው ለእኔ ክብር። የጠዋቱ ሰልፍ ላይ ካልሆነ አልኩ። ብርቱካን መጥታ ነበር፣ ያንኑ ኮት ለብሳ ከክፍሏ ሰልፍ መጨረሻ ቆማለች።

የሚኒ ሚዲያውን ማይክራፎን ይዤ ተናገርኩ። በሬሳ የሚገባው ዓባይ ነው አልኩ። ቅዳሜ ትክክለኛውን መልስ የሰጠችው ብርቱካን ናት፣ ዋንጫው የዚህ ትምህርት ቤት ነበር፣ የወሰድኩባችሁ እኔ ነኝ አልኩ። አገሩን አታውቂም ያልኳት እኔ አገሩን ሳላውቅ ነው፤ ያንን ቃል እዚሁ አንስቻለሁ አልኩ። እናንተ እያወቃችሁ ዝም ያላችሁ ደግሞ፣ ብዬ ልቀጥል ስል፣ ርዕሰ መምህሩ በፈገግታ ማይክራፎኑን ከእጄ ወሰዱት።

«እንዲህ ያለ ትሕትና ከማን ይገኛል? ትልቅ ሰው ማለት ይህ ነው። ለእንግዳችን ሞቅ ያለ ጭብጨባ!»

አጨበጨቡ። ሺህ የሚሆን ተማሪ፣ መምህራኑ፣ ዘበኛው ሳይቀር። ለእኔ። ሁለት መምህራን ነጭ ጋቢ ይዘው መጥተው ትከሻዬ ላይ አለበሱኝ፤ ለካ ተዘጋጅቶ ኖሯል። ለእኔ አይደለም፣ ለእሷ ነው እያልኩ እጄን ወደ ብርቱካን ዘረጋሁ፣ ግን ማይክራፎን በእጄ አልነበረምና ሰላምታ የምሰጥ መስሏቸው ጭብጨባውን አበረቱት። ጋቢውን አውልቄ ልስጣት ብዬም አሰብኩ። ያንንም ቢሆን የእኔን ደግነት አድርገው እንደሚያጨበጭቡበት ስለገባኝ ተውኩት።

ወደ ክልሉ የሄዱት የእነዋሪ ልጆች ናቸው። ይህን የሰማሁት ድሬ ከገባሁ በኋላ ነው፤ ሰይፉ ደውሎ በኃፍረት ነገረኝ።

ያን ጠዋት ግን ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል እጁን ያላነሳ አንድ ሰው ነበር። ብርቱካን እጆቿን በዚያ ሰፊ ኮት ኪስ ከታ፣ ጭብጨባው እስኪያልቅ ቀጥ ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ሰልፉን ተከትላ ክፍሏ ገባች። ልክ ነበረች። ቅዳሜም፣ ማክሰኞም።